12 ለ 11

ቤታችሁ ውስጥ የኳስ ውጤት የሚገምት ሰው አለ? ሳይኖር አይቀርም። የዓለም ዋንጫ ሲመጣ የፍሪጅ በር ላይ የምድብ ድልድል የሚለጥፍ፣ «እኔ ብዬ ነበር» እያለ ሳምንቱን ሙሉ የሚያስቸግር አንድ ሰው አይጠፋም። የዛሬው ወጋችንም ስለዚሁ ነው፤ ኳሷ ግን ክብ አይደለችም፣ እንቁላል መሳይ ናት።

ራግቢ ወደ እኛ ቤት የገባው በጆሃንስበርግ በኩል ነው። ታናሽ እህቴ እዚያ ከሄደች ቆይታለች። አበሾች «ጄፒ» በሚሉት ሰፈር ብርድ ልብስና የልጆች ልብስ ትሸጣለች። ልጇ እዚያው ተወልዶ አደገ። ለ2019ኙ የዓለም ዋንጫ (የዋንጫዎቹን ዓመት በፈረንጆቹ ነው የምቆጥረው) የዘጠኝ ዓመት ልጅ ነበር፤ ደብተሩን አስምሮ ለእናቱ፣ ለእኔና አዲስ አበባ ላለችው አያቱ ሰንጠረዥ አዘጋጀልን። ሕጉ ቀላል ነው፦ አሸናፊውን ያወቀ 2 ነጥብ፣ የነጥብ ልዩነቱን እስከ 5 ድረስ ተጠግቶ የገመተ ተጨማሪ 1። እኔ ያስገባሁት አንድ ቅድመ ሁኔታ ብቻ ነው። ገንዘብ የሚባል ነገር አይገባበትም። የየሰፈሩን የውርርድ ቤት ደጃፍ የምታዩ ሰዎች ስለሆናችሁ ምክንያቱን አላብራራም። የተሸነፈው ቤት ለአሸናፊው ስንቅ ይልካል። ከእኛ በርበሬ፣ ከእነሱ ደግሞ ቢልቶንግ። ቢልቶንግ የእነሱ ቋንጣ ነው። እናቴ ቀምሳ «ቅመም አንሶታል» ብላለች።

ታዲያ ያ ዋንጫ የመጣው በክፉ ጊዜ ነበር። በ2011 ዓ.ም. ነሐሴ ማብቂያ ላይ በጆሃንስበርግ የውጭ ዜጎች ሱቆች ሲሰበሩና ሲዘረፉ እህቴ ስምንት ቀን ሱቋን አልከፈተችም። ውድድሩ ጃፓን ውስጥ የተጀመረው ብዙም ሳይቆይ፣ መስከረም 9 ነው። የደቡብ አፍሪካ የመጀመሪያ ጨዋታ ከኒውዚላንድ ጋር ነበር። ልጁ በእሱ ረድፍ ላይ «ደቡብ አፍሪካ» ብሎ በትልቁ ጻፈ። እናቱ «ኒውዚላንድ» አለች። ኒውዚላንድ 23 ለ 13 አሸነፈች። እህቴ 2 ነጥብ አገኘች፤ ልጇ መኝታ ቤቱን ዘግቶ አለቀሰ።

ማታ ደወለችልኝ። «ጎዳሁት እንዴ?» አለችኝ። ዝም አልኩ። «ሱቄን ያዘጋኝም፣ ልጄን የሚያስተምርልኝም አንድ አገር ነው። ምን ብዬ ልሙላ?»

እናንተ ብትሆኑ ምን ትሏት ነበር? እኔ «ባዶውን ተዪው» አልኳት። ከዚያ ወዲያ ደቡብ አፍሪካ በተጫወተች ቁጥር የእሷ ሳጥን ባዶ ሆኖ ቀረ። ደቡብ አፍሪካ በፍጻሜው እንግሊዝን 32 ለ 12 ስታሸንፍም ባዶ ነበር። በምድብ ጨዋታ ተሸንፎ ዋንጫ የበላ ቡድን ከዚያ በፊት አልነበረም። ዋንጫውን ያነሳው ሲያ ኮሊሲ ደግሞ የአገሩ ብሔራዊ ቡድን የመጀመሪያው ጥቁር አምበል ነው። ልጁ የኮሊሲን የ6 ቁጥር ማሊያ ካልገዛችሁልኝ አለ፤ ገዛችለት።

በ2023 ፈረንሳይ ላይ ውድድሩ ሲመለስ እኔ ተዘጋጅቼ ነበር። ውጤት አነበብኩ፣ ሰንጠረዥ ሠራሁ። ጉረኛ ሆንኩ ማለት ይቻላል። አየርላንድን ለዋንጫ መረጥኩ፤ የዓለም አንደኛ ነበረች፣ 17 ጨዋታ በተከታታይ አሸንፋለች። ከሩብ ፍጻሜ አልፋ እንደማታውቅም አንብቤ ነበር፤ ግን ማን ልብ ይላል? ሩብ ፍጻሜ ላይ በኒውዚላንድ 28 ለ 24 ተሸነፈች። ለኳስ ተመልካች ሌላው ችግር የቁጥሩ ነገር ነው። እኛ የለመድነው 2 ለ 0 ነው። እዚህ አንድ ትራይ ብቻውን 5 ነጥብ ነው፤ ከትራዩ በኋላ የሚመታው ኳስ ከገባ 2 ይጨመራል፣ ቅጣት ምት 3 ነው። ለፈረንሳይና ናሚቢያ ጨዋታ «በ30 ልዩነት» ብዬ ጻፍኩና በጣም የደፈርኩ መሰለኝ። 96 ለ 0 አለቀ።

እናቴ ግን አንድ መስመርም አላነበበችም። የፊጂ ተጫዋቾች ከጨዋታ በኋላ ክብ ሠርተው መዝሙር ሲዘምሩ አይታ «እነዚህ የእግዚአብሔር ልጆች ናቸው» አለች፤ አለቀ። በየጨዋታው ፊጂ። በዌልስ 32 ለ 26 ተሸነፉባት፤ ፍንክች አላለችም። እኔ አውስትራሊያን በሞላሁበት ጨዋታ ፊጂ 22 ለ 15 አሸነፈች፤ እማዬ ጋቢዋን ተከናንባ ምንም ሳትናገር ሳቀችብኝ። አውስትራሊያም በታሪኳ ለመጀመሪያ ጊዜ ከምድቧ ሳታልፍ ቀረች። ከዚያ ፊጂ በፖርቱጋል 24 ለ 23 ተረታች። ማን ፖርቱጋልን ይገምታል? ማንም አልገመተም፤ ስለዚህ ሁላችንም እኩል ዜሮ አገኘን።

ከእነዚያ ሳምንታት የያዝኩትን አንድ ነገር ልንገራችሁ። አሸናፊ መለየት ያን ያህል አይከብድም፤ ከ1987 ጀምሮ ዋንጫውን የወሰዱት አራት አገሮች ብቻ ናቸው። ደቡብ አፍሪካ አራት ጊዜ፣ ኒውዚላንድ ሦስት፣ አውስትራሊያ ሁለት፣ እንግሊዝ አንድ። የሚከብደው ልዩነቱ ነው። ምድብ ላይ ትልቅና ትንሽ ሲገናኙ አትሳሱ፣ 50 እና 60 ጻፉ። ትልልቆቹ እርስ በርስ ሲገናኙ ግን ስስታም ሁኑ። ደቡብ አፍሪካ ያን ዓመት ፈረንሳይን 29 ለ 28፣ እንግሊዝን 16 ለ 15 አሸንፋ ነው ለፍጻሜ የደረሰችው። ይህንን እያየሁ፣ ኒውዚላንድ በግማሽ ፍጻሜ አርጀንቲናን 44 ለ 6 ስላንኮታኮተች ብቻ፣ ለፍጻሜው «ኒውዚላንድ በ10» ብዬ ሞላሁ።

ጥቅምት 17 ቀን 2016 ዓ.ም. ቅዳሜ፣ በእኛ ከምሽቱ 4 ሰዓት። ከጨዋታው በፊት ልጁ ግምቶቹን አነበበልን። እሱ «ደቡብ አፍሪካ በ15»። እማዬ ፊጂ ስለሌለች ተከፍታ «ለእኔ ያገሩን ልጅ ጻፉልኝ፣ በ10» ብላለች። ቀጥሎ ትንሽ ዝም አለና «እማ ሞልታለች» አለ። ለአራት ዓመት ባዶ የነበረው ሳጥን ውስጥ «ደቡብ አፍሪካ በ3» ተብሎ ተጽፏል። ምንም አልጠየቅኳትም። ልጁም አልጠየቃት መሰለኝ።

የኒውዚላንድ አምበል ገና በመጀመሪያው አጋማሽ በቀይ ካርድ ወጣ። በ14 ሰው ሆነው የጨዋታውን ብቸኛ ትራይ ያገቡት ግን እነሱ ናቸው። ደቡብ አፍሪካ አንድም ትራይ አላስቆጠረችም፤ 12ቱም ነጥብ ከሃንድሬ ፖላርድ አራት ቅጣት ምቶች የመጣ ነው። መጨረሻው አካባቢ ኒውዚላንድ ቅጣት ምት አገኘች፤ ከገባ ዋንጫው የእነሱ ሊሆን ይችላል። በስልኩ ውስጥ የሁለት ሰው ትንፋሽ ይሰማኛል። ኳሷ ወደ ውጭ ሄደች። 12 ለ 11።

የሰማሁት ጩኸት የልጁ መስሎኝ ነበር። የእህቴ ነው። እሱ ቀጥሎ ስልኩን ነጥቋት «አክስቴ፣ እማ በለጠችኝ! እሷ 3፣ እኔ 2!» አለኝ። ቅሬታ ይሁን ደስታ አልለየሁትም። እኔ ያው ዜሮ። በርበሬው ከእኛ ቤት ሄደ፣ ሦስት ኪሎ።

ቀጣዩ በ2027 አውስትራሊያ ላይ ነው፤ መስከረም 20 ቀን 2020 ዓ.ም. ይጀመራል። ቡድኖቹ ከ20 ወደ 24 አድገዋል፣ ጨዋታዎቹም 52 ይሆናሉ፤ ደብተር የምታሰምሩ ካላችሁ ሰፊ ወረቀት ያዙ። ከእያንዳንዱ ምድብ ሁለት፣ ከሦስተኞቹም የተሻሉት አራቱ ያልፋሉ። ስለዚህ ሦስተኛ የሚወጣውን ቡድንም አስቡበት። አብዛኛው ጨዋታ በእኛ ጠዋትና ቀትር ላይ ስለሚውል ልጆች ሊያመሹባችሁ ነው ብላችሁ አትስጉ።

ልጁ ያን ጊዜ 17 ዓመት ይሞላዋል፤ ባለፈው ሳምንት ስንደዋወል ሰንጠረዡን ከአሁኑ ጀምሬያለሁ አለኝ። እማዬ «ፊጂ አለች?» ብላ አስጠየቀች። አለች። እኔ ደግሞ ዚምባብዌን እይዛለሁ አልኩት፤ ከ1991 ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ያለፈች አገር ናት፣ ምድቧም ከእንግሊዝና ከዌልስ ጋር ነው። «አክስቴ፣ ነጥብሽን ልትጥዪ ነው?» አለኝ። በርበሬውን አስፈጭቼ አስቀምጣለሁ አልኩት።