ቤቱ ሳይለካ ማሽን አይገዛም

ደገኛ ስለ ሙቀት የሚያውቀው በወሬ ነው። በ2,400 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ በተቆረቆረችው አዲስ አበባ፣ ወይም በደሴና በጎንደር ያደገ ሰው ፀሐይ ስትበረታበት መስኮቱን ይከፍታል፣ ጥላ ሥር አረፍ ይላል፣ ነገሩ በዚያው ያልቃል። ስለ ሙቀት ማውራት የሚያምርባቸው ድሬዳዋን፣ ጋምቤላን፣ አሳብንና ምፅዋን የኖሩባቸው ወገኖቻችን ናቸው። ሐምሌ ሲባል ለእኛ ትዝ የሚለን ካፖርትና ጃንጥላ፣ ጭቃና የበቆሎ እሸት ነበር። ስደት ወቅቱንም ገለበጠብን።

የስኔልቪል ከተማ መፈክር ወደ እኛ ቋንቋ ሲመለስ «በስኔልቪል ሁሉም ሰው፣ ሰው ነው» እንደ ማለት ነው። መልካም መፈክር ነው፤ ሐምሌ ሲገባ ግን ሁሉም ሰው ላብ ነው። ቴርሞሜትሩ 90 ፋራናይት ሲደርስ ከሙቀቱ ይበልጥ የሚያስመርረው ወበቁ ነው። መስኮት ቢከፍቱ ነፋስ ሳይሆን እንፋሎት ይገባል። ስለዚህ በጆርጂያ ኤር ኮንዲሽነር ቅንጦት አይደለም፤ እንደ ጣሪያና እንደ በር ከቤቱ አካል የሚቆጠር ነው። ዕድሜው በደህናው ከ15 እስከ 20 ዓመት ቢሆን ነው። እንግዲህ ቤት ከገዛን ዘመን የቆጠርን ሁሉ አንድ ቀን ይህ ወጪ በራችንን ማንኳኳቱ አይቀርም። ሲያንኳኳ ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ፣ እንግዳ በተጠራበት ዕለት ነው።

የዛሬው ጨዋታዬ ስለዚሁ ነው። የምለው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ማሽን ከመግዛትዎ በፊት ቤትዎን ያስለኩ። ምክንያቱን ላስረዳ። (ዓመቶቹን ሁሉ የምጠቅሰው በፈረንጆች አቆጣጠር ነው።)

ኤር ኮንዲሽነርን የወለደው የሰው ምቾት ሳይሆን ማተሚያ ቤት ነው። በ1902 ዓ.ም. በኒውዮርክ፣ ብሩክሊን ውስጥ፣ አንድ ማተሚያ ቤት በጋ በመጣ ቁጥር ወረቀቱ በእርጥበት እየተለጠጠ ቀለም በቀለም ላይ አልገጥም ይለው ነበር። ችግሩን እንዲፈታ የተሰጠው ዊሊስ ካሪየር የሚባል የ25 ዓመት መሐንዲስ ነው። እሱም አየሩን በቀዝቃዛ ቧንቧዎች ላይ እያሳለፈ ውሃውን የሚያስተፋ መሣሪያ ነደፈ። በጋዜጣ ሥራ ያለፍን ሰዎች የረጠበ ወረቀት የሚያመጣውን ጣጣ ስለምናውቅ ለካሪየር ክብር አለን። ዋናው ቁም ነገር ግን ይህ ነው፤ ማሽኑ የተፈጠረው አየርን ለማድረቅ ነው። ዛሬም ሥራው ሁለት ነው፤ ሙቀቱን መቀነስና ውሃውን መጭመቅ።

ከፍሪጅ የወጣ የአምቦ ውሃ ጠርሙስ ጠረጴዛ ላይ ሲቀመጥ ላብ ያወጣል። በማሽኑ ሆድ ውስጥ ያለው ቀዝቃዛ ቧንቧም እንዲሁ ያልበዋል፤ ያ ላብ ተንጠባጥቦ በቱቦ ወደ ውጭ ይፈሳል። ታዲያ ይህ እንዲሆን ማሽኑ ረዘም ላለ ጊዜ ሳይቋረጥ መሥራት አለበት። ከቤቱ ልክ በላይ የሆነ ማሽን ግን በጥቂት ደቂቃ ቤቱን ያቀዘቅዝና ቴርሞስታቱ «በቃህ» ብሎ ያጠፋዋል። ሙቀቱ ወርዷል፤ ውሃው ግን እዚያው ነው። ከዚያ እንደገና ይነሣል፣ እንደገና ይተኛል። ኮምፕሬሰሩ የሚደክመው በዚህ መነሣትና መውደቅ ነው። ለቤቱ ሰው የሚተርፈው ብርድና እርጥበት አንድ ላይ ነው።

ይህን ከመሐንዲስ ቀድመው የነገሩኝ አማቴ ናቸው። ከደሴ መጥተው አብረውን ሲከርሙ ነጠላቸውን በጋቢ ደርበው ሳሎን ይቀመጡና፣ «ልጄ፣ ይሄ ነገር ሲነፍስ ይነፍስና ወዲያው ያኮርፋል። ብርዱ አጥንቴ ገባ፤ ልብሴ ግን አልደረቀም» ይሉኝ ነበር። እኛ የእርጅና ብርድ ነው ብለን ሻይ እናፈላለን። አሮጌው ማሽን ሲሞት ነው የአማቴ ቃል ትክክለኛ የምርመራ ውጤት መሆኑ የታወቀው። የቀድሞው ባለቤት በ1,700 ስኩዌር ፊት ቤት ላይ 4 ቶን ማሽን ተክሎበት ኖሯል።

ቶን ሲባል ክብደት የሚመስላቸው አሉ። ድሮ ሰው የሚያቀዘቅዘው በበረዶ ነበርና፣ አንድ ቶን በረዶ በ24 ሰዓት ሲቀልጥ የሚወስደው ሙቀት መለኪያ ሆኖ ቀረ። በሰዓት 12,000 ቢ.ቲ.ዩ. ማለት ነው። እንግዲህ 4 ቶን 48,000 ይሆናል።

ሦስት ሰዎች ጠርቼ ዋጋ ጠየቅሁ። የመጀመሪያው ውጭ ያለውን ሣጥን ጎንበስ ብሎ አነበበና፣ «4 ነበር፣ 4 እንተክላለን» አለ። አሥር ደቂቃም አልቆየም። ሁለተኛው የአገራችን ልጅ ነው፤ ጨዋና እጀ ብልህ። «ጋሼ፣ ለእርስዎማ 5 ላድርግልዎ፤ ቤቱን በረዶ ያደርግልዎታል» አለኝ። ዋጋው ከሁሉም በጣም ዝቅ ያለ ነበር፤ ካሽ ከሆነ፣ ፐርሚት ካልተጠየቀ። ላይሰንሱን ስጠይቀው ፈገግ ብሎ ወሬ ለወጠ። ሦስተኛው ሜትር ይዞ ገባ። መስኮቶቹን አንድ በአንድ ለካ፣ የትኛው ወደ ምዕራብ እንደሚመለከት ጻፈ፣ መሰላል ጠይቆ ከኮርኒሱ በላይ ወጣና የሙቀት መከላከያውን ውፍረት ለካ፣ የቤተሰቡን ቁጥር ጠየቀ። ስሌቱ ሲመጣ 2 ቶን ተኩል ሆነ። ሥራውን የሰጠሁት ለእሱ ነው።

ይህ ስሌት ማንዋል ጄ ይባላል፤ ያዘጋጀው የአሜሪካ የአየር ማቀዝቀዣ ተቋራጮች ማኅበር ነው። «ለዚህ ያህል ስኩዌር ፊት አንድ ቶን» የሚለው የአፍ ሒሳብ ግምት እንጂ ልኬት አይደለም። አበው «ቀድሞ ነበር እንጂ መጥኖ መደቆስ፣ አሁን ምን ያደርጋል ድስት ጥዶ ማልቀስ» ያሉት ለበርበሬ ብቻ አይደለም። በእኛ ዘንድ ትልቅ ነገር ሁልጊዜ ይከበራል፤ ትልቅ ድግስ፣ ትልቅ መኪና፣ ትልቅ ቴሌቪዥን። ኤር ኮንዲሽነር ግን እንደ ጫማ ነው። ልክዎ ካልሆነ ትልቅነቱ አያኮራም።

ማሽኑ ልኩን ቢያገኝም ዳክት የሚባለው የአየር ቦይ ከተበሳ ድካሙ ከንቱ ነው። በተለመደ ቤት ከ20 እስከ 30 በመቶ የሚሆነው አየር በቦዩ ቀዳዳና በላላ መገጣጠሚያ እንደሚባክን ኢነርጂ ስታር የተባለው የመንግሥት ፕሮግራም ይናገራል። የብዙዎቻችን ቦይ የተዘረጋው ከኮርኒስ በላይ፣ በበጋ እንደ ምድጃ በሚግል ቦታ ነው። በገንዘባችን ያቀዘቀዝነውን አየር ለእርግብና ለሽኮኮ እንመጸውታለን ማለት ነው። ማሽን ሲቀየር ቦዩም ይታይ። የላቡ መውረጃ ቱቦ ሲደፈን ውሃው ኮርኒስ እንዳያፈርስ፣ ከሥር መቀበያ ሣህንና ውሃ ሲሞላ ማሽኑን የሚያጠፋ መሣሪያ መኖሩንም ይጠይቁ።

አሁን ወደ ከባዱ ነገር ልምጣ፤ ወደ ላይሰንስ። በጆርጂያ ሕግ ይህን ሥራ በኮንትራት የሚይዝ ሰው የስቴቱ ላይሰንስ ሊኖረው ይገባል። ክላስ አንድ እስከ 60,000 ቢ.ቲ.ዩ. ለሚያቀዘቅዝ ሥራ ነው፤ ክላስ ሁለት ገደብ የለበትም። ቁጥሩን ተቀብሎ በስቴቱ የሴክሬታሪ ኦፍ ስቴት መሥሪያ ቤት በኩል ማጣራት ገንዘብ አያስከፍልም። ጋዙን የሚነካው ሠራተኛ ደግሞ ሴክሽን 608 የሚባለው የፌዴራል ምስክር ወረቀት ያስፈልገዋል። ፐርሚት የሚወጣው ቤትዎ በከተማው ክልል ከሆነ ከስኔልቪል ከተማ ነው። ብዙ ሰው አድራሻው ስኔልቪል ይባል እንጂ ከከተማው ክልል ውጭ ነው፤ እሱን የሚመለከተው የግዊኔት ካውንቲ ነው።

«የወገንን ልጅ እንጀራ ትዘጋለህ ወይ?» የሚለኝ አይጠፋም። አልዘጋም። ያ ወጣት ጥሩ ባለሙያ ሊሆን ይችላል፤ እንዲያውም ላይሰንስ ካላቸው ብዙዎች ይሻል ይሆናል። ግን ሽቦው ተቃጥሎ ቤት ቢነድ፣ ኢንሹራንሱ «ፐርሚቱ የታለ?» ብሎ ሲጠይቅ መልስ የሚያጣው ባለቤቱ ነው። ፋብሪካው ዋስትናውን ሲከለክል፣ ቤቱ ሲሸጥ ኢንስፔክተር ሲመጣም እንዲሁ። ልጁም ቢሆን በጨለማ ሲሠራ ጉልበቱን በግማሽ ዋጋ እየሸጠ፣ ቢወድቅ ካሣ፣ ቢከዳ ከሳሽ ሳይኖረው ይኖራል። ለወገን ማሰብ ማለት ላይሰንስ ካለው ባለሙያ ጋር ሠርቶ ልምዱን እንዲያስመዘግብ፣ ለፈተናው እንዲቀመጥ መግፋት ነው። በየምግብ ቤቱ ማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ «ላይሰንስ ያለው» የሚል የአማርኛ ጽሑፍ ያየሁ ዕለት የመጀመሪያ ደንበኛው እኔ ነኝ።

ስለ ጋዙም ላንሣ። ድሮ ማሽኖቹ የሚሠሩበት አር-22 ከ2020 መግቢያ ጀምሮ በአሜሪካ እንዳይመረትና እንዳይገባ ተከልክሏል። እሱን የተካው አር-410ኤ ደግሞ ምድርን የማሞቅ ኃይሉ ከፍተኛ በመሆኑ፣ ከጃንዋሪ 1 ቀን 2025 ወዲህ ለቤት የሚመረቱት አዳዲስ ማሽኖች አር-454ቢ ወይም አር-32 በሚባሉት እንዲሠሩ ተደርጓል። የነገሩ ሥር በ2016 ኪጋሊ ላይ የተደረሰው ዓለም አቀፍ ስምምነት ነው። አዲሶቹ ጋዞች በመጠኑ ተቀጣጣይ ናቸውና ለማያውቅ እጅ አይሰጡም። በአሮጌው ጋዝ የሚሠራ የቤት ማሽን በአሮጌ ዋጋ የሚያቀርብልዎት ካለ፣ ነገ ጋዙ ስንት እንደሚያወጣ አብረው ይጠይቁ።

ሻጭ «ታክስ ክሬዲት ታገኛለህ» ካለም ቀኑን ይመልከቱ። እስከ 600 ዶላር ለኤር ኮንዲሽነር፣ እስከ 2,000 ዶላር ለሂት ፓምፕ ይሰጥ የነበረው የፌዴራል ክሬዲት የሚመለከተው እስከ ዲሴምበር 31 ቀን 2025 ድረስ የተተከለውን ብቻ ነው። ሳይጠሩት በርዎን አንኳኩቶ ያስፈረመዎት ሻጭ ካለ ደግሞ፣ የፌዴራሉ ደንብ ውሉን ለመሰረዝ 3 የሥራ ቀን ይሰጥዎታል። ፊርማዎን የሚጠይቅ ሰው በጣም ሲቸኩል እርስዎ ቀስ ይበሉ።

እነዚህን ሁሉ ስዘረዝር ስለ ገንዘብ ብቻ እያወራሁ አይምሰልዎ። በጁላይ 1995 ዓ.ም. ቺካጎን በመታው ሙቀት ከ700 ሰው በላይ ሞቷል። ብዙዎቹ ብቻቸውን የሚኖሩ አረጋውያን ነበሩ። እኛስ? ከአገር ቤት ያመጣናቸው እናትና አባቶቻችን፣ እኛ ሁለት ሥራ ስንሮጥ፣ ቀኑን ሙሉ ብቻቸውን ቤት ይውላሉ። ብርድ ይመታናል ብለው፣ ወይም መብራት ይቆጥርባቸዋል ብለው ለልጃቸው በማዘን፣ ማሽኑን አጥፍተው የሚቀመጡ ብዙ ናቸው። ላባቸውን እየጠረጉ «ደህና ነኝ» ይላሉ። አያማርሩም።

ስለዚህ ወንበራቸውን ከአየር ማውጫው ፊት ያንሡላቸው። ቴርሞስታቱን 76 ወይም 78 ላይ አድርገው እንዳይነኩት ሳይሆን ለምን እንደሚሠራ አስረድተው ይውጡ። የመብራቱ ሒሳብ ከእሳቸው እንደማይበልጥብዎ በአንደበትዎ ይንገሯቸው። ማሽኑ በሐምሌ ቢሰበር ጠጋኙ እስኪመጣ ዘመድ ቤት ወይም ላይብረሪ ይውሰዷቸው፤ ቬንቲሌተር ብቻውን ያን ሙቀት አይችለውም።

ማሽንዎ 15 ዓመት ካለፈው እስኪሞት አይጠብቁ። በኦክቶበር ወይም በማርች፣ ባለሙያው ሥራ ባልበዛበት ጊዜ፣ ሦስት ሰው ይጥሩ። ሜትር ሳይዝ የመጣውን ቡና ጋብዘው ይሸኙት።