የቁራ ‹‹ግድያ››፣ የሰው ‹‹መንጋ››

ሃይስኩል ከሸመደድናቸው ነገሮች ሁሉ እንደ እንግሊዝኛ የስብስብ ስሞች ግራ ያጋባን የለም። በአንድ በኩል በግ፣ አንበሳ፣ ዓሣና ቁራ ይደረደራሉ፤ በሌላ በኩል ፍሎክ፣ ፕራይድ፣ ስኩል፣ መርደር። የእኛ ሥራ ማዛመድ ነው። በጉስ ይሁን፤ አንበሳው ‹‹ኩራት››፣ ዓሣው ‹‹ትምህርት ቤት››፣ ቁራው ደግሞ ‹‹ግድያ›› ሆኖ ሲመጣ ከመሀላችን አንዱ እጁን አወጣና ‹‹ቲቸር፣ ቁራ ማንን ገደለ?›› ብሎ ጠየቀ። የተሰጠው መልስ ‹‹እንግሊዝኛ ነው፣ ዝም ብለህ ያዘው›› የሚል ነበር። ያዝነው። ፈተና ላይ ግን አልመጣም (እስከዛሬ ይቆጨናል!)።

ታሪኩን ያገኘነው ዘግይተን ነው። እ.ኤ.አ. በ1486 በእንግሊዝ አገር፣ በሴንት ኦልባንስ ከተማ፣ ስለ አደን፣ ስለ አዳኝ ጭልፊት አያያዝና ስለ ባላባት አርማ የሚያስተምር አንድ መጽሐፍ ታተመ። ውስጡ ከ160 በላይ የስብስብ መጠሪያዎች ተዘርዝረዋል። አደን የባለርስት ጨዋታ ነውና ቃሉን በትክክል መጥራት ጨዋን ከተራው መለያ ነበር። ዝርዝሩ ግን አውሬና ወፍ ላይ አያቆምም፤ ሰው ላይም ይመጣል። ዳኞች ሲሰበሰቡ ‹‹ፍርድ››፣ ጫማ ሰፊዎች ሲሰበሰቡ ‹‹ስካር››፣ ሴት መነኮሳት ደግሞ ‹‹ትርፍ›› ይባላሉ። እንዴ! ቀልድ ነው እኮ! የአምስት መቶ ዓመት የባላባት ቀልድ እኛ ጋ ሲደርስ ሰዋስው ሆኖ በቀይ እስክሪብቶ ታረመብን። ዓሣውማ ከነጭራሹ ከትምህርት ቤት ጋር ዝምድና የለውም፤ ከደች ቋንቋ የመጣ፣ ‹‹ጭፍራ›› እንደማለት ያለ ሌላ ቃል ነው። ፊደሉ ገጠመ እንጂ።

አንበሳውን እንተወው፤ የዱር እንስሳት ተመራማሪዎች ዛሬም ‹‹ፕራይድ›› ይሉታል። ቁራውን ግን ወፍ የሚያጠኑት ራሳቸው ፍሎክ ብለው ያልፉታል።

ቅሬታችን የማይጠቅም መሸምደዳችን ብቻ አይደለም። የማይጠቅም ስንቱን ሸምድደናል! የከነከነን ሌላ ነው፤ የሚናደፈውን ቃል እያሳዩን መናደፉን አልነገሩንም። ስዋርም ከዝርዝራችን ውስጥ ነበረች። ከንብ ጋር አዛመድናት፣ አንድ ማርክ አገኘን፣ አለፍን። እ.ኤ.አ. በጁላይ 2015 የያኔው የእንግሊዝ ጠቅላይ ሚኒስትር ዴቪድ ካሜሮን ሜዲትራኒያንን አቋርጠው ስለሚመጡ ስደተኞች ሲናገሩ ይህችኑ ቃል ለሰው አዋሏት። የተቃዋሚው ሌበር ፓርቲ ተጠባባቂ መሪ ሐሪየት ሐርማን ወዲያው ‹‹የሚያወሩት ስለ ሰው እንጂ ስለ ነፍሳት አይደለም›› የሚል ይዘት ያለው መልስ ሰጡ። ጉዳዩ ሩቅ አገር ያለ የሰዋስው ክርክር አልነበረም። በዚያው ሰሞን ፈረንሳይ ካሌ ላይ፣ ወደ እንግሊዝ መሻገሪያው አጠገብ በነበረው የስደተኞች ሰፈር፣ ኢትዮጵያውያንና ኤርትራውያን ከእንጨትና ከሸራ በተሠራች ቤተ ክርስቲያን ይጸልዩ ነበር። ቃሏን ወደ አማርኛ አምጧትና እነሱ ላይ ለጥፏት፦ እንደ አንበጣ መንጋ።

ቆይ ቆይ… እኛስ ንጹሕ ነን እንዴ? ‹‹መንጋ›› በደጉ ጊዜ እረኛውና በጎቹ ነበሩ፤ ካህኑም ምእመኑን በፍቅር ይጠራበት ነበር። ከ2010 ዓ.ም. ወዲህ ‹‹የመንጋ ፍርድ›› ስንል ሰው በደቦ የሚገደልበትን ነውር ማለታችን ነው፤ እዚያ ላይ ቃሉ ያንሳል እንጂ አይበዛም። ግን እዚያ ላይ አልቆመም። ሐሳቡን ያልወደድንለት ብዙ ሰው ሁሉ መንጋ ሆነ። የእኛ ወገን ሲበዛ ‹‹ሕዝብ›› ነው፤ የእነሱ ወገን ሲበዛ ‹‹መንጋ››። ያው አደባባይ፣ ያው የሰው ቁጥር! ይህን የምንለው ጣት ለመቀሰር አይደለም፤ እኛም ተናደን ጽፈነዋል፣ ላይክም ሰብስበንበታል።

እናም ማዛመጃው ይቅር አንልም። ታናናሾቻችን ፍሎክንም ስዋርምንም ይወቁ። ከሁለቱ ረድፎች ጎን ግን አንድ ሦስተኛ ረድፍ ይጨመርልን፦ ‹‹ማን፣ ስለ ማን ሲናገር?›› የሚል። ማርኩም እዚያኛው ላይ ይብዛ። ያኔ ያ እጁን ያወጣው ልጃችን ሳያገኝ አይቀርም ነበር።