ቫይረሱ በፍላሽ፣ ክፍያው በዶላር

በፍኖተ ሰላም፣ በቡሬና በዙሪያቸው ባሉ የምዕራብ ጎጃም ከተሞች በየቤቱ ያለው ኮምፒውተር ባመዛኙ የመምህር፣ የኮሌጅ ተማሪ ወይም የሠርግ ቪዲዮ አቀናባሪ ላፕቶፕ ነው። «ቫይረስ ገባበት» ሲባል ባለቤቱ ሁለት ምክር ይሰማል፦ ፎርማት እንዲያስደርገው፣ አለዚያም የሚከፈልበት አንቲቫይረስ እንዲገዛ። የመጀመሪያው ምክር ፋይል ያስበላል። ሁለተኛው ብዙ ጊዜ ገንዘብ ያስበላል።

ኢንተርኔት ውድና ተቆራራጭ በሆነበት አገር ፋይል የሚጓዘው በፍላሽ ነው፤ ቫይረሱም አብሮ ይጓዛል። ፈተና ለማባዛት ፎቶ ኮፒ ቤት የደረሰ ፍላሽ ቀኑን ሙሉ የሌሎች ሰዎች ፍላሽ ሲሰካበት በዋለ ኮምፒውተር ላይ ይሰካል። ቤት ተመልሶ ሲከፈት ፎልደሮቹ ሁሉ ሾርትከት ሆነዋል። ብዙ ሰው ሰነዱ የጠፋ ይመስለዋል፤ አልጠፋም። ቫይረሱ እውነተኞቹን ፎልደሮች ደብቆ በስማቸው ሾርትከት አስቀምጧል፤ ሾርትከቱን የከፈተ ሰው ቫይረሱን በገዛ እጁ ያስነሳል። ደንግጦ ፍላሹን ፎርማት ያደረገ ደግሞ ቫይረሱ ያልነካውን ፋይል ራሱ ያጠፋዋል። ከጉዳቱ ትልቁ ይኸኛው ነው።

እንዲህ ያለውን ያረጀ ተንኮል ለመያዝ ክፍያ አያስፈልግም። ከ2012 እ.ኤ.አ. ጀምሮ፣ ማለትም ከዊንዶውስ 8 ወዲህ፣ ዲፌንደር የተባለው የማይክሮሶፍት አንቲቫይረስ ከዊንዶውሱ ጋር አብሮ ይመጣል። መጀመሪያ ላይ ደካማ ነው ተብሎ ይናቅ ነበር፤ ዛሬ ግን ኤቪ ቴስት የተባለው የጀርመን መርማሪ ተቋም ከሚከፈልባቸው ጋር አወዳድሮ ለዓመታት ከፍተኛ ነጥብ ሲሰጠው ቆይቷል። ታዲያ ዲፌንደር እያለ ለምን ቫይረስ ይገባል? መልሱ ክራክ ነው። ያልተገዛን ዊንዶውስ አክቲቬት የሚያደርጉት መሣሪያዎች ብዙዎቹ በዲፌንደር ዘንድ እንደ አደጋ ስለሚቆጠሩ፣ ዊንዶውሱን የሚጭነው ሰው አስቀድሞ ዲፌንደሩን ያጠፋዋል። ሥራው ካለቀ በኋላ መልሶ ማብራት ይረሳል። የዚህ ላፕቶፕ ባለቤት አንቲቫይረስ ሲገዛ፣ በነጻ የሚያድረውን ዘበኛ አሰናብቶ በዶላር ሌላ መቅጠሩ ነው።

ዶላሩም ቀላል ነገር አይደለም። የብር ሂሳብ ካርድ በአብዛኛው የውጭ አገር ድረ ገጽ ላይ ስለማይከፍል ገዢው ላይሰንሱን ከመሀል ሻጭ ይወስዳል፤ አንዱ ቁልፍ ለስንት ሰው እንደተሸጠ ግን የሚያውቀው ሻጩ ብቻ ነው። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የምንዛሬ ተመኑ ለገበያ ሲለቀቅ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በጥቂት ሳምንታት 100 ብርን አልፏል። የ40 ዶላር ላይሰንስ ከ2,300 ብር ገደማ ተነሥቶ ከ4,000 በላይ ሆነ ማለት ነው፤ ያውም በየዓመቱ የሚታደስ ወጪ።

ከዋጋውም በላይ ክርክሩን የሚዘጋው የዳታ ጉዳይ ነው። አንቲቫይረስ፣ ተከፈለበትም አልተከፈለበትም፣ አዲስ ቫይረስ በአብዛኛው የሚለየው የቫይረስ ዝርዝሩን ከኢንተርኔት ሲያድስ ነው። በአማራ ክልል ከ2015 ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮ የሞባይል ኢንተርኔት ለብዙ ወራት ተቋርጦ ነበር። ላይሰንስ ደግሞ በቀን መቁጠሪያ ያልቃል፤ ኔትወርክ ጠፋ ብሎ የሚጠብቅ የለም። የዲፌንደርን ዝርዝር ግን ኔትወርክ ካለበት ከተማ በነጻ አውርዶ በፍላሽ ማምጣት ይቻላል፤ መጠኑ ከ100 ሜጋ ባይት ይበልጣል። ፍላሽ መድኃኒቱንም መሸከሙ ነው።

ሜጋ ባይት ለመቆጠብ የዊንዶውስ አፕዴት የሚዘጋ ሰውም ጥቂት አይደለም፤ በዚህ ግን አይቆጠብም። በግንቦት 2009 ዓ.ም. ብዙ አገሮችን ያናወጠው ዋናክራይ የተባለ ቫይረስ የተሰራጨው ማይክሮሶፍት ከሁለት ወር በፊት በደፈነው ቀዳዳ ነበር፤ የተጠቁት አፕዴቱን ያልጫኑት ናቸው። የዊንዶውስ 10 መደበኛ ድጋፍ ደግሞ ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም. አብቅቷል። የዲፌንደሩ የቫይረስ ዝርዝር እስከ ጥቅምት 2021 ዓ.ም. እንደሚታደስ ማይክሮሶፍት ቢያስታውቅም፣ ዝርዝር የዊንዶውሱን ቀዳዳ አይደፍንም፤ የተገዛ አንቲቫይረስም እንደዚያው።

ክፍያው የሚያዋጣው ሰው የለም ማለት አይደለም። ቀኑን ሙሉ የሰው ፍላሽ የሚቀበል ፎቶ ኮፒ ቤት ተጨማሪ ጥበቃ ቢገዛ አይፈረድበትም፤ የእሱ ኮምፒውተር ሲታመም ሰፈሩ ሁሉ ይታመማልና። የመምህሩና የተማሪው ላፕቶፕ ግን ሌላ ነው። የአቀናባሪውማ ሀብት የሰው ሠርግ ነው፤ ፋይል ቆልፎ ገንዘብ የሚጠይቅ ቫይረስ አንዴ ከቆለፈው አንቲቫይረስ በአብዛኛው አይመልሰውም። ለላይሰንስ የታሰበው ብር ለኤክስተርናል ሀርድ ዲስክ ይዋል፤ ፋይሉ ከተገለበጠ በኋላም ዲስኩ ይነቀል። ተሰክቶ የቆየ ዲስክ ከላፕቶፑ ጋር አብሮ ይቆለፋል።