ሞተር ሳይክል ሻጩን ሱቁ ድረስ ሄዶ ስለ መጠየቅ

በአንድ የአስመጪ ንግድ ቤት በጸሐፊነት ማገልገል ከጀመርሁ ብዙ ዓመታት አልፈዋል። ሥራዬ ደብዳቤ መቀበል፣ መልስ መጻፍና የትእዛዝ መዝገብ መያዝ በመሆኑ፣ የምንሸጣቸው ሞተር ሳይክሎች የሚውሉበትን አገር ከካርታ በቀር አላውቀውም ነበር። ባለፈው በጋ ግን በየከተማው እየዞረ የሚሸጠው ባልደረባችን ስለ ታመመ፣ መዝገቡን የማውቀው እኔ ነኝና አሠሪዬ ከሾፌሩ ጋር ወደ ወላይታ እንድሄድ አዘዙኝ። በቡታጅራና በሆሳዕና አድርገን አረካ ገባን፤ ከዚያም ሶዶን፣ ቦዲቲን፣ ሁምቦ ጠበላንና ገሱባን በስድስት ቀን አዳረስን። የዛሬው አስተያየቴ ከዚሁ ጉዞ የተገኘ ነው።

የተከበሩ አስመጪዎቻችን ገበያውን የሚመዝኑት አብዛኛውን ጊዜ ከጽሕፈት ቤታቸው መስኮት በሚያዩት ነው። በአዲስ አበባ ከሰኔ 30 ቀን 2011 ዓ.ም. ጀምሮ ሞተር ሳይክል ያለ ልዩ ፈቃድ እንዳይነዳ ስለ ተከለከለ፣ በዚያ መስኮት የሚታየው ሞተር ጥቂት ነው። ሶዶ ሲደርሱ ግን ነገሩ ሌላ ነው። ከተማይቱ የሻሸመኔ፣ የሆሳዕና፣ የአርባ ምንጭ፣ የሳውላና የዳውሮ መንገዶች የሚገናኙባት ናት፤ በነሐሴ 2015 ዓ.ም. የደቡብ ኢትዮጵያ ክልል ሲመሠረት ደግሞ የክልሉ መንግሥት መቀመጫ ሆናለች። ከአስፋልቱ ወጥቶ በዳሞታ ተራራ ዙሪያ ወዳሉት ቀበሌዎች የሚሄድ ሰው፣ አስተማሪም ይሁን ነጋዴ ወይም ወደ ጤና ጣቢያ የምትወሰድ ወላድ፣ የሚሳፈረው በሞተር ነው። 100 ወይም 150 ሲሲ የሆነችው የሕንድ ሞተር፣ ለሁለት ሰው ተሠርታ ሳለ፣ ሦስት ሰውና አንድ ጆንያ ድንች ተሸክማ በቀዩ ጭቃ ዳገቱን ስትወጣ አየሁ።

በሶዶ ከመናኸሪያው ብዙ ሳይርቅ ያሉ አንድ ደንበኛችን፣ በዕድሜ ከአሠሪዬ የማያንሱ ሽማግሌ፣ ቡና አስፈልተው ተቀበሉን። ስሜን እንደ ነገርኋቸው ተነሥተው ከመደርደሪያው አንድ ፋይል አወረዱ። «የዚህ ደብዳቤ ጸሐፊ እርስዎ ነዎት?» አሉኝ። ፊርማው የአሠሪዬ ቢሆንም ከግርጌው የስሜ መነሻ ፊደላት አሉበት። «የጠየቃችሁት የመለዋወጫ ዕቃ ትእዛዝ ደርሶናል፤ ዕቃው እንደ ገባ በቅርብ ጊዜ እንልካለን» ይላል። ገልጠው ሌላ አሳዩኝ፤ ቃሉ ያው ሆኖ የተለወጠው ቀኑ ብቻ ነው። በአንድ ዓመት ውስጥ አራት ጊዜ ጽፌላቸው ኖሯል። «አጻጻፍዎ ያማረ ነው» ብለው ፈገግ አሉ። በሥራ ዘመኔ ብዙ ተግሣጽ ተቀብያለሁ፤ የዚያን ቀን ያህል ያፈርሁበትን ግን አላስታውስም።

የተጠየቀው ዕቃ ብርቅ ነገር አልነበረም፤ ካቴናና ጥርስ፣ የፍሬን ሸራ፣ የፍሪሲዮን ገመድ ነው። ከሱቁ በር ላይ አንድ ወጣት ሞተሩን አቁሞ ሦስተኛ ሳምንቱን ይጠብቅ ነበር። የዕቁብ ዕጣ ደርሶት የገዛት ናት፤ ሞተሯ ብትቆምም ባትቆምም ዕቁቡን እስከ መጨረሻው ይጥላል። አዲስ ካቴና ከአሮጌ ጥርስ ጋር ሲገጠም ቶሎ ስለሚበላ፣ ሁለቱ አብረው ካልተለወጡ መካኒኩ አልሠራም አለ፤ ልክም ነው። በገበያ የሚገኘውን አስመስሎ የተሠራ ዕቃ ደግሞ ልጁ አንድ ጊዜ ሞክሮት በወሩ ተበጥሶበታል። እንዲህ ያለ ሰው ፋብሪካውን አይወቅስም፤ እኛንም አያውቀንም። የሚወቅሰው በየቀኑ ፊት ለፊት የሚያየውን ባለሱቅ ነው። የቦዲቲው ወጣት ነጋዴ ይህንኑ በግልጥ ነገረን። ለናሙና ሦስት ሞተር ጭነን ስንደርስ፣ «እነዚህን መልሳችሁ ውሰዱና ካቴና አምጡልኝ» አለ።

አስመጪውም የራሱ ምክንያት አለው። በመለዋወጫ ዕቃ ላይ የዋለ ገንዘብ መጋዘን ውስጥ ተኝቶ ይከርማል፤ ሙሉው ሞተር ግን ቶሎ ይሸጣል። ከሐምሌ 2016 ዓ.ም. ጀምሮ የውጭ ምንዛሪ ዋጋ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህም፣ የዛሬን ዋጋ ለነገ ማጽናት ያስቸግራል። መዝገቡን የምይዘው እኔ ነኝና ይህን አልክድም። ነገር ግን በየሱቁ የጻፍሁትን ዝርዝር ሳስተያየው፣ በሁሉም ዘንድ የተደጋገሙት ዕቃዎች ከአሥር አይበልጡም። ደብዳቤዎቹ ሁሉ በእጃችን ሳሉ ይህን ሳናውቅ መኖራችን ነው የሚያስገርመው። የሆንዳ ኩባንያ በ1959 እ.ኤ.አ. በሎስ አንጀለስ ሥራ ሲጀምር፣ አሜሪካኖች ሞተሩን ከጃፓኖች ይልቅ ሩቅ መንገድና በፍጥነት ስለ ነዱት ዘይት ያፈስ፣ ፍሪሲዮኑም ይበላሽ ጀመር። የኩባንያው ሰዎች እዚያው በመሆናቸው የተበላሸውን በአውሮፕላን ወደ አገራቸው ልከው ጉድለቱን አሳረሙ። ሎስ አንጀለስ ከቶኪዮ ያላትን ርቀት ያህል ሶዶ ከእኛ አትርቅም።

ስለ ጊዜውም ስሕተት ነበረብን። ሰው ለአዲስ ዓመት ይገዛል በማለት የሽያጭ ጉዞውን የምናደርገው ሁልጊዜ በነሐሴ መጨረሻ ነበር። ለወላይታ ሕዝብ ግን መስከረም የጊፋታ ወር ነው፤ አባወራው ለሠንጋ፣ እማወራዋ ለቅቤ ሲያጠራቅሙ የከረሙት ገንዘብ ለዚያ የተመደበ ነው። የሁምቦው ደንበኛችን፣ «በዚያ ወር ሞተር ይዞ መምጣት በሁዳዴ ሉካንዳ እንደ መክፈት ነው፤ ቡናው ከተሸጠ በኋላ ኑ» ብለው አሳቁን።

በጥር 2016 ዓ.ም. የነዳጅ አውቶሞቢል ወደ አገር እንዳይገባ መወሰኑ ከተሰማ ጀምሮ ስለ ኤሌክትሪክ ሞተር የማይጠይቅ የለም። 1,870 ሜጋ ዋት እንዲያመነጭ ተሠርቶ በ2009 ዓ.ም. የተመረቀው ግልገል ጊቤ ሦስትም የሚገኘው በዚሁ አገር፣ ወላይታንና ዳውሮን በሚያዋስነው በኦሞ ወንዝ ላይ ነው። የገሱባው ነጋዴ የጠየቀኝ ግን፣ «ባትሪው ሲደክም ማን ይለውጥልኛል?» ብሎ ነው። መልስ አልነበረኝም፤ እንደ ልማዴ «በቅርብ ጊዜ» ለማለትም አፌ አልታዘዘልኝም።

ስለዚህ እያንዳንዱ አስመጪ በዓመት ሁለት ጊዜ፣ ከሻጩ ጋር መካኒክና መዝገብ ያዥ ጨምሮ፣ ወደ ቸርቻሪዎቹ ቢልክ መልካም ነው እላለሁ። ቆብና የቀን መቁጠሪያ ማደሉ ይቆይና በቦታው የዕቃ ሳጥን ይጫን። የጉዞውን ወጪ አስልቼ ለአሠሪዬ ባቀረብሁ ጊዜ ሁለት ቀን ዝም ብለው በሦስተኛው ቀን ፈረሙ። ለሶዶው ሽማግሌም አምስተኛ ደብዳቤ አልጻፍሁም። ካቴናውና ጥርሱ በሳጥን ታሽጎ በማክሰኞው መኪና ሄደ፤ አብሮ የተላከው ወረቀት የጭነቱ ዝርዝር ብቻ ነው።