የአያት ስም በመሬት ወረቀት ላይ

በበዓል ቀን ዘመድ ሲሰበሰብ፣ አንድ ሽማግሌ ከሣጥን ውስጥ በጨርቅ የተጠቀለለ አሮጌ ወረቀት አውጥተው «ከወንዙ ወዲህ ያለው ጋራ ሁሉ የእኛ ነበር» ሲሉ ሳይሰሙ አልቀሩም። ወጣቱም ማኅተሙን አይቶ የቅድመ አያቱን ስም ሲያነብ ደስ ይለዋል። ወረቀቱ የሚለው ግን ሌላ ነገር ሊሆን ይችላልና፣ ከመኩራት በፊት ቀስ ብሎ ማንበብ ይገባል።

በመጀመሪያ የሚፈልጉት ቃል «ርስት» ወይም «ጉልት» የሚለውን ነው። በጎንደርና በጎጃም አገር፣ ርስት ማለት አንድ አቅኚ አባት ያቀናው መሬት በአባትም በእናትም በኩል ለተወለዱት ሁሉ የሚደርስበት መብት ነበር። ጉልት ግን ከመሬቱ የሚገኘውን ግብር መብላት ነው፤ ይህንንም ነገሥታቱ ለመኳንንትና ለአድባራት ይሰጡት ነበር። በአንድ መሬት ላይ ባለርስቱ ያርሳል፣ ባለጉልቱ ግብሩን ይቀበላል። እንግዲህ የአያትዎ ስም «ጉልት» ከሚለው ቃል አጠገብ ከተገኘ፣ ያ ጋራ የጎረቤትዎ አያቶች ርስት ነበረ ማለት ነው፤ የእርስዎ አያት ከእነርሱ ግብር የሚቀበሉ ሰው ነበሩ። ይህን ለሽማግሌው መንገር እንደማይቀል አውቃለሁ። የጉልት ሥርዓት በ1958 ዓ.ም. በዐዋጅ ቢቀርም በቤተ ዘመድ ወሬ ውስጥ ግን እስካሁን አልቀረም።

በቃላድ በተለካው በደቡቡ አገር ነገሩ ይለያል። እዚያ ወረቀቱ የሚቆጥረው በጋሻ ነው፤ አንድ ጋሻ 40 ሄክታር ያህል ይሆናል። መሬቱም ለም፣ ለም ጠፍ ወይም ጠፍ ተብሎ ይመደባል። የሚጻፈው የባለመሬቱ ስም ሲሆን፣ በዚያው ጋሻ ላይ ሲያርስ የኖረው ጭሰኛ ስሙ አይነሣም። ስለዚህ «የአያቴን ስም በየትም አላገኘሁም» የሚል ወጣት፣ ቤተ ሰቤ ከሌላ አገር የመጣ ነው ብሎ ለመፍረድ አይቸኩል።

ከዚህ የሚቀድሙት ጽሑፎች የሚገኙት በአብያተ ክርስቲያናት፣ በወንጌል ኅዳግና ባዶ በቀሩት ገጾች ላይ ነው። ስጦታው፣ ሽያጩ፣ ውርሱ ይጻፍና በስተመጨረሻ ይህን ያፈረሰ የተወገዘ ይሁን የሚል ግዝት ይከተላል። ግዝቱ ቢያስፈራም ለእኛ የሚጠቅመን ከእርሱ በላይ ያለው የምስክሮች ዝርዝር ነው፤ ጎረቤቱ፣ አማቹ፣ የደብሩ አለቃ እዚያ አሉና።

እዚህ ላይ ስም ያሳስታል። ሰውዬው በቤቱ በዓለም ስሙ ሲጠራ ኖሮ በመጽሐፉ ላይ በክርስትና ስሙ ይገባል። በጎንደር የቁስቋምን ደብር ያሠሩት እቴጌ ምንትዋብ የክርስትና ስማቸው ወለተ ጊዮርጊስ፣ የንግሥ ስማቸው ብርሃን ሞገሳ ነበር። የእቴጌይቱ ስም ሦስት ከሆነ የእርስዎ ቅድመ አያትም ሁለት ቢኖራቸው አይደነቅም። አክስትዎን «የክርስትና ስማቸው ማን ነበር?» ብለው አስቀድመው ይጠይቁ። ሴቶቹንም አይዝለሉ፤ ርስት በእናት በኩልም ይቆጠር ስለ ነበር፣ የአያት እናት ስም ከጠፋ የትውልዱ ግማሽ ይጠፋል።

ዘመኑ በዓመተ ዓለም ተጽፎ ቢያገኙ 5500 ይቀንሱለት። 7260 ቢል 1760 ዓ.ም. ነው። ለማረጋገጥ 7260ን ለአራት ያካፍሉት፤ ምንም ካልተረፈ ዘመነ ዮሐንስ፣ አንድ ቢተርፍ ማቴዎስ፣ ሁለት ቢተርፍ ማርቆስ፣ ሦስት ቢተርፍ ሉቃስ ነው። ጽሑፉ የሚጠራው ወንጌላዊ ከዚህ ጋር ካልተስማማ፣ ቁጥሩን የተሳሳቱት እርስዎ ወይም ጸሐፊው ነዎት።

የገጠር መሬት በየካቲት 1967 ዓ.ም. ዐዋጅ የሕዝብ የጋራ ሀብት ሆኗልና፣ ወረቀቱ ጋራውን አይመልስም። ለደብሩ መጽሐፍ ጠባቂም ይህንኑ አስቀድመው ይንገሩ፤ ለክርክር የመጡ ከመሰላቸው መጽሐፉን አያወጡልዎትም። ካወጡልዎትም ቃል በቃል፣ የተሰረዘውንም ሳይቀር ይገልብጡ። የሚጽፉትም በእርሳስ ይሁን፤ ቀለም የያዘ ብዕር ወደ ብራናው አይቅረብ።