ካፓሲተሩ ቀስ ብሎ ይሙላ

በአገራችን የሚያስፈራው የመብራት መጥፋት ብቻ አይደለም፤ ተመልሶ መምጣቱም ያስፈራል። በይጁቤም ሆነ በደብረ ማርቆስ መብራት ሲጠፋ ጠንቃቃ ሰው የቴሌቪዥኑንና የማቀዝቀዣውን ሶኬት ይነቅላል። ሰውየው ስለ ኤሌክትሪክ ትምህርት ቤት ገብቶ አልተማረ ይሆናል፤ ከልምድ ያገኘው ዕውቀት ግን ትክክል ነው። የሚያሳዝነው፣ ይህ ዕውቀት እስከ እኛ እስከ ተማሪዎቹ የሥራ ጠረጴዛ አለመድረሱ ነው።

መብራት ሲመለስ ጉዳት የሚመጣው ከሁለት ወገን ነው። አንደኛው ቮልቱ ከልክ በላይ ከፍ ብሎ መምጣቱ ሲሆን፣ ይህ የመስመሩ ጉዳይ ስለሆነ ለዛሬ ልተወው። ሁለተኛው ግን በዕቃው ሆድ ውስጥ ያለና እኛው ልናርመው የምንችለው ነው። ተለዋዋጩን ኮረንቲ ወደ ቀጥተኛ የሚለውጠው ክፍል ከዳዮዶቹ ቀጥሎ ትልቅ ካፓሲተር አለው። ካፓሲተሩ ባዶ ሲሆን በመጀመሪያዋ ቅጽበት እርስ በርሱ እንደ ተነካካ ሽቦ ይቈጠራል። የ220 ቮልት መስመር ጫፉ 311 ቮልት ይደርሳል፤ በመንገዱ ያለው ተቃውሞ 2 ኦም ብቻ ቢሆንና ኮረንቲው ልክ በዚያ ጫፍ ላይ ቢመለስ፣ 155 አምፔር ያህል ይጐርፋል። ፊውዝ የሚቃጠለው፣ ማብሪያው የሚጠቁረውና ዳዮድ የሚበላሸው በዚህ ምክንያት ነው። የፀሐይ ኀይል ኢንቨርተር ከባትሪ ጋር ሲያያዝ የሚታየው ብልጭታም የዚሁ ወንድም ነው። ፊውዙ የተደጋገመበት ባለሱቅ በመጨረሻ በመዳብ ሽቦ ይተካዋል፤ ያን ጊዜ ነገሩ የዕቃ መበላሸት መሆኑ ቀርቶ የቤት ቃጠሎ ሊሆን ይችላል።

መድኀኒቱ የታወቀ ነው። ከካፓሲተሩ በፊት 10 ኦም ሬዚስተር ቢገባ 155 የነበረው አምፔር ወደ 26 ይወርዳል። ነገር ግን ሬዚስተሩ በዚያው ከቀረ፣ 1 አምፔር ሲያልፍበት 10 ዋት በከንቱ ወደ ሙቀት ይለውጣል። ስለዚህ ብዙ ፋብሪካዎች ቴርሚስተር ያስገባሉ፤ እርሱም ሲቀዘቅዝ ያግዳል፣ ሲሞቅ ያሳልፋል። ዘዴው ርካሽና ብልኅ ነው፤ ሆኖም አንድ ጊዜ የበራ ዕቃ በርቶ ይቈያል ብሎ ያስባል። ቴርሚስተር ለመቀዝቀዝ አንድ ደቂቃ ያህል ይፈልጋል። የእኛ መብራት ደግሞ ብልጭ ድርግም ይላል። በጥቂት ሴኮንድ ውስጥ ጠፍቶ ሲመለስ ካፓሲተሩ ባዶ ሆኖ፣ ዘበኛው ቴርሚስተር ግን ገና እንደ ሞቀ በሩን ከፍቶ ይገኛል።

እንግዲህ የእኔ አስተያየት ይህ ነው፦ ለአገራችን የሚስማማው ሬዚስተርና ሪሌይ ነው። ካፓሲተሩ ከሞላ በኋላ ሪሌዩ ኮረንቲውን በአቋራጭ ያሳልፋል፤ ሬዚስተሩም ያርፋል። ሪሌዩን የሚያዝዘው የሰዓት ቈጣሪ ሳይሆን የካፓሲተሩ የራሱ ቮልት ይሁን። ቮልቱ ሲወርድ ሪሌዩ ይለቃል፤ መብራት በማንኛውም ሰዓት ቢመለስ ሬዚስተሩ በቦታው ይጠብቀዋል። ፊውዙም አይቅር፤ ካፓሲተሩ ራሱ ቢበላሽ ሬዚስተሩ እንዳይነድ የሚያድነው እርሱ ነውና።

«ይህ ዋጋ ይጨምራል» የሚሉ አሉ። እውነት ነው፣ ይጨምራል። ነገር ግን ትርፉን ዋጋ አንድ ጊዜ ከፍሎ መገላገል ይሻላል ወይስ ድሃው ባለሱቅ በየወሩ በፊውዝና በጥገና ሲከፍለው ይኑር?

የተከበራችሁ መምህራን ሆይ፣ በቤተ ሙከራ የምናቀርበው ሥራ አንድ ጊዜ ስለ በራ ብቻ ሙሉ ነጥብ አይሰጠው። ጭነት ተሸክሞ ከሞቀ በኋላ በ5 ሴኮንድ ልዩነት ዐሥር ጊዜ ይጥፋ፣ ይብራም፤ ፊውዙ ከተረፈ ያን ጊዜ ነጥቡን ስጡን። ጓደኞቼ ተማሪዎችም ከመጽሐፍ ሥዕል ስንቀዳ ሥዕሉ የተሣለው መብራት እምብዛም ለማይጠፋበት አገር መሆኑን እናስታውስ፤ የምንሠራው ዕቃ የሚሰካው ግን በይጁቤ ነው።