ካሎሪ ቆጣሪው ሰዓት ማርክ አይስጥ

ሰሞኑን በየመኝታ ክፍላችንና በሜዳው ዳር አንድ ክርክር ተነሥቷል። በእጅ ላይ የሚታሰሩት አዳዲስ ሰዓቶች በመካከላችን እየበዙ በመምጣታቸው፣ በሰውነት ማጎልመሻ ክፍለ ጊዜ «ብዙ ካሎሪ ያቃጠለ ብዙ ማርክ ያግኝ» የሚሉ ጓደኞች አሉን። ከዚህም አልፎ የሰዓቱን ቁጥር እያዩ ምሳ የሚቀንሱና እራት የሚተዉ እኅቶችና ወንድሞች እናያለን። ይህን ሐሳብ አጥብቀን እንቃወማለን።

ለመሆኑ ሰዓቱ ካሎሪ ይለካል ወይ? አይለካም! 1 ግራም ውኃን በ1 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ለማሞቅ የሚያስፈልገው ሙቀት 1 ካሎሪ ይባላል፤ በምግብና በስፖርት የሚነገረው ደግሞ የዚህ 1,000 እጥፍ፣ ማለትም ኪሎ ካሎሪ ነው። አንድ ሰው ሲሮጥ ምን ያህል እንዳወጣ በደንብ ለማወቅ፣ ፊቱ ላይ ጭንብል ተደርጎ የተጠቀመበት ኦክሲጅንና ያስወጣው ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይለካል። ሰዓቱ ይህን የት አግኝቶ! እሱ የሚያደርገው ከሥሩ ብርሃን ወደ ቆዳ እየላከ የልብ ምት መቁጠር፣ የክንድን መወዛወዝ መመዝገብ፣ ዕድሜ፣ ፆታ፣ ቁመትና ክብደትን ከባለቤቱ መጠየቅ ነው። ከዚያ ወዲያ ያለው ስሌት ነው፤ በግልጽ አማርኛ ግምት።

በካሊፎርኒያ የሚገኘው የስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2017 ባወጡት ጥናት፣ 7 ዓይነት መሣሪያዎችን በ60 ፈቃደኞች እጅ ላይ አስረው ፈትነዋል። የልብ ምት በመቁጠር የ6ቱ ስሕተት ከ5 በመቶ በታች ሆነ። ደግ ነው፣ ይመስገኑ። ካሎሪ ላይ ሲደረስ ግን የተሻለው እንኳ በ27 በመቶ ገደማ ሳተ፤ የባሰው በ93 በመቶ! እርግጥ ከዚያ ወዲህ አዳዲስ ሞዴሎች ወጥተዋል፤ ዘዴያቸው ግን ዛሬም መገመት ነው። እስቲ ፍረዱ፤ ከ100 27 ማርክ ወዲህና ወዲያ እያለ ፈተና የሚያርም መምህር ቢመጣብን ዝም እንል ነበር?

ከእንጦጦ እንጨት ተሸክመው የሚወርዱትን እናቶች አስቡ። ሰዓቱ ቢታሰርላቸው የልባቸውን ፍጥነት ያይ ይሆናል፤ ጀርባቸው ላይ ያለውን ሸክም ግን አያውቅም። ልብ ደግሞ በሥራ ብቻ አይፈጥንም፤ በፍርሃትም፣ በሙቀትም ይፈጥናል። ለፈተና የተቀመጠ ተማሪ ልቡ ድው ድው ሲል ሮጠ ልንል ነው?

ማርኩ ላይ ስንመጣ ነገሩ ይብሳል። በልምምድ የጠነከረ ልጅ ለዚያው ሩጫ ልቡ በዝግታ ስለሚመታ፣ ሰዓቱ ትንሽ ሠራ ብሎ ሊቆጥርበት ይችላል። ከባድ ሰውነት ያለው ደግሞ በእኩል ርቀት ከቀጭኑ ይበልጥ ያቃጥላል፤ ይህ እውነት ነው፣ ግን ጉብዝና አይደለም። ሰዓት መግዣ የሌለውስ? ነገ በምንመደብበት የገጠር ትምህርት ቤት ከ60 ተማሪ ስንቱ ነው ይህን የሚያስረው? ዜሮ ልንሰጠው ነው?

ስለ ምሳውም አንድ ነገር እንበል። ሰዓቱ ማታ ላይ በድምር ከሚያሳየው ቁጥር አብዛኛው፣ ሰውነት ቀኑን ሙሉ ተኝቶም ቢውል የሚያወጣው ነው፤ ልብ ሲመታ፣ ሳንባ ሲተነፍስ፣ አንጎል ሲሠራ። በዚህ ላይ ስሕተቱን ጨምሩበት። በእንዲህ ያለ ቁጥር እራት መተው ምን የሚሉት ሂሳብ ነው?

የልብ ምት ለማወቅ ከሆነ ሁለት ጣት የእጅ አንጓ ላይ አድርጎ ለ15 ሴኮንድ መቁጠርና በ4 ማባዛት ይበቃል። ሩጫውን በርቀትና በደቂቃ፣ እድገቱንም ተማሪው ባለፈው ወር ከሮጠው ጋር እያስተያየን ማርክ እንስጥ።

ካሎሪን በዓይናችን ማየት ካሻን ደግሞ ቤተ ሙከራው አለ። 100 ግራም ውኃ በቆርቆሮ አድርገን ከሥሩ አንድ ፍሬ ለውዝ እናቃጥል። ውኃው በ10 ዲግሪ ከሞቀ 1 ኪሎ ካሎሪ ገባበት ማለት ነው። ከሙቀቱ ብዙው ወደ አየር ያመልጣል፤ ምን ያህሉ እንዳመለጠና እንዴት መቀነስ እንደሚቻል መከራከሩ ራሱ አንድ ጥሩ ክፍለ ጊዜ ይወጣዋል። ቴርሞሜትሩን ከሳይንስ ክፍል እንዋሳለን፤ ለውዙን ከበር ላይ እንገዛለን።